የነቢያት ስንኝ፦ የዕብራይስጥ ትንቢታዊ ግጥም አሠራርና በብራና ላይ ያለፈበት ታሪክ



ነቢዩ ሕዝቅኤል በባቢሎን ምድር በምርኮኞች መካከል ሆኖ ሲያስተምር የገጠመውን ነገር በመጽሐፉ በ33ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ እናገኘዋለን። ሕዝቡ እንደ ልማዳቸው ወደ ነቢዩ ይመጣሉ፤ በፊቱም ተቀምጠው ይሰሙታል፤ የሰሙትን ግን አይፈጽሙትም። እግዚአብሔርም ነቢዩ በእነርሱ ዘንድ እንደ ምን እንደ ተቆጠረ ገለጸለት፤ ድምፁ ያማረ፣ መሣሪያውን አሳምሮ የሚጫወት፣ የፍቅር ዜማ የሚያሰማ ሰው አድርገው ይመለከቱት ነበር። ይህ ለሕዝቡ ተግሣጽ ነው። ለታሪክ መርማሪ ደግሞ ትልቅ ምስክርነት አለው፤ በዚያ ዘመን የነበረ ሰው የነቢይን ቃል ሲሰማ ጆሮው ላይ የሚያርፈው ግጥም እንደ ነበረ ያስረዳልና።

እኛ ዛሬ የቆምነው በተቃራኒው ወገን ነው። ብዙዎቻችን የምናነበው የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የነቢያትን ቃል የሚያቀርብልን ቁጥር በቁጥር እንጂ ስንኝ በስንኝ ለይቶ አይደለም። አሞጽን ስናነብ ከመጽሐፈ ነገሥት የተለየ ገጽ አናይም። የሕዝቅኤል ሰሚዎች ዜማውን ሰምተው መልእክቱን ሳቱት፤ እኛ መልእክቱን እየፈለግን ዜማውን አናስተውለውም። ይህም ጉዳት አለው። ነቢያት ብዙ ጊዜ የሚሉትን ያስቀመጡት በቃሉ ብቻ ሳይሆን በቃሉ አሰዳደር ውስጥ ነውና፣ አሰዳደሩን ያላየ አንባቢ ከመልእክቱ የተወሰነውን ያጣል። በዚህ ጽሑፍ ይህ አሰዳደር እንዴት ያለ እንደሆነ፣ በብራና ላይም እንዴት ተሰውሮ እንዴት እንደ ተገለጠ እንመለከታለን።

ሁለት ሆኖ የሚሄድ ቃል

የአማርኛ ግጥም ስንሰማ ጆሯችን አስቀድሞ የሚጠብቀው ቤት መምታቱን ነው። የግእዝ ቅኔም ቤት ይመታል፤ የሐረጋቱም ልክ እንደየዓይነቱ ይታወቃል። የዕብራይስጥ ግጥም ግን በዚህ አይታወቅም። ስንኞቹ በተመሳሳይ ድምፅ የሚያልቁበት ጊዜ ቢኖርም ያ ሕጉ አይደለም። በ1ኛው መቶ ዘመን የነበረው አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዮስ ዮሴፎስ ሙሴ ባሕረ ኤርትራን ከተሻገረ በኋላ ያቀረበው ምስጋና በግሪኮቹ የስድስት ምት ልክ የተሠራ ነው ብሎ ጽፏል። ይህን ያለው የግሪክ አንባቢዎቹ እንዲያከብሩለት ይመስላል፤ ከእርሱ በኋላ ያንን ልክ በዕብራይስጡ ውስጥ የፈለጉ ሊቃውንት ሁሉ ግን አላገኙትም።

የዕብራይስጥ ግጥም የሚቆመው በጥንድ ነው። አንድ ሐሳብ በመጀመሪያው ሐረግ ይነገራል፤ ሁለተኛው ሐረግ ያንኑ ሐሳብ በሌላ ቃል ይቀበለዋል፣ ያጠናክረዋል፣ ወይም በተቃራኒው ያስተያየዋል። ለማስረዳት ያህል እኛው አንድ እንሥራ፦ «ዝናሙ በተራራው ላይ ወረደ፤ ጠሉም ኮረብታውን አረሰረሰ።» ዝናሙ ከጠሉ፣ ተራራው ከኮረብታው፣ መውረዱ ከማረስረሱ ጋር ተጣምሯል። አንዳንድ ጊዜ ሦስተኛ ሐረግ ይጨመራል፤ መሠረቱ ግን ሁለትነት ነው። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ይህን «ትይዩነት» ብለው ይጠሩታል።

ሁለተኛው ሐረግ የመጀመሪያው መድገሚያ ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ወደ አሞጽ ምዕራፍ 2 ቁጥር 6 መሄድ ይበቃል። ነቢዩ የእስራኤልን ፈራጆችና ባለጠጎች ሲከስ በመጀመሪያው ሐረግ ጻድቁን በብር እንደ ሸጡት ይናገራል። በሁለተኛው ሐረግ ደግሞ ችግረኛውን በአንድ ጥንድ ጫማ። ጥንዱ ተሟልቷል፤ ሻጩም ሽያጩም ያው ነው። ነገር ግን ዋጋው ወረደ! በመጀመሪያው ሐረግ ሰው ቢያንስ በብር ተተመነ፤ በሁለተኛው እግር የሚረግጠው ነገር ተተመነበት። ክሱ ያለው በሁለቱ ሐረጎች መካከል ባለው ቁልቁለት ላይ ነው። ሁለቱን «አንድ ነገር በሁለት ቃል» ብሎ የሚያልፍ አንባቢ ይህን ቁልቁለት አያየውም።

ይህ የአነጋገር ጥበብ በእስራኤል ብቻ የነበረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1929 በሶርያ የባሕር ዳርቻ በራስ ሻምራ በተጀመረው ቁፋሮ የጥንታዊቷ የኡጋሪት ከተማ የሸክላ ጽላቶች ተገኙ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛውና በ13ኛው መቶ ዘመን የተጻፉት የኡጋሪት ግጥሞች እንደ ዕብራይስጡ በጥንድ ሐረግ የተሠሩ ናቸው። ብር ከወርቅ፣ ቤት ከቤተ መንግሥት ጋር እየተጣመሩ በሁለቱም ቋንቋ ይገኛሉ። ቁጥርን ከፍ እያደረጉ መናገር፣ ማለትም በመጀመሪያው ሐረግ ሁለት ብሎ በሁለተኛው ሦስት ማለት፣ በኡጋሪትም የታወቀ ነው። ጽላቶቹ ስለ በዓልና ስለ ሌሎች ጣዖታት ይተርካሉ፤ ነቢያት ደግሞ በዚያው የአነጋገር ጥበብ በዓልን ይነቅፋሉ። መንፈስ ቅዱስ ነቢያትን ያናገራቸው እነርሱና ሰሚዎቻቸው በሚያውቁት የአነጋገር ልማድ ነው ማለት ነው፤ ለእኔ ይህ የሚያስደነግጥ ሳይሆን የሚያስደንቅ ነው።

የቴቁሔው እረኛ እንዴት እንደ ተናገረ

አሞጽ ከኢየሩሳሌም በስተ ደቡብ ካለችው ከቴቁሔ የወጣ የይሁዳ ሰው ነው። የተላከው ግን ወደ ሰሜኑ መንግሥት፣ ወደ እስራኤል ነበር። ዘመኑ በይሁዳ የዖዝያን፣ በእስራኤል የዳግማዊ ኢዮርብዓም ዘመን ነው፤ በ8ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት። ኢዮርብዓም የመንግሥቱን ድንበር አስፍቶ ነበር፤ በሰማርያም በዝሆን ጥርስ የተለበጡ ቤቶች ነበሩ። እንግዳ የሆነ የደቡብ ሰው በእንዲህ ያለ ዘመን መጥቶ «ትጠፋላችሁ» ቢል ማን ቆሞ ይሰማዋል?

አሞጽ በእነርሱ አልጀመረም። በደማስቆ ጀመረ። ስለ ሦስት ኃጢአት፣ ስለ አራትም የሚለውን ከፍ የሚል የቁጥር አነጋገር ተጠቅሞ የሶርያን በደል ተናገረ፤ እሳትም በግንቦቿ ላይ እንደሚመጣ አወጀ። ሰማርያ ይህን ስትሰማ ደስ ሳይላት አይቀርም፤ ደማስቆ የቆየች ጠላቷ ናትና። ቀጥሎ ጋዛ፣ ከዚያ ጢሮስ፣ ከዚያ ኤዶምያስ። ካርታ ፊታችን ዘርግተን ብንከተለው ነቢዩ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲሻገር እናየዋለን፤ ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡት በእስራኤል ምድር ላይ ነው። ቀጥሎ አሞንና ሞዓብ መጡ፤ የሎጥ ልጆች ናቸውና በሥጋ ዘመድ ናቸው። ክበቡ እየጠበበ ነው። ሰባተኛዋ የወንድም ምድር ይሁዳ ሆነች። ሰባት በእስራኤል ዘንድ የፍጹምነት ቁጥር ነው፤ ሰሚው «ተፈጸመ» ብሎ ሊነሣ ይችላል። ያን ጊዜ ስምንተኛው መጣ፤ እርሱም ስለ እስራኤል ነው።

እዚህ ላይ ሰባት ጊዜ የተደጋገመው አሠራር ይሰበራል። በሌሎቹ ላይ የበደሉ ዝርዝር አጭር ነበር፤ በእስራኤል ላይ ግን ይረዝማል፤ የድሀው መሸጥ፣ የአባትና የልጅ ነውር፣ በመያዣ የተወሰደ ልብስ በመሠዊያ አጠገብ መነጠፉ፣ በግፍ ከተቀጡ ሰዎች ገንዘብ የተገዛ ወይን ጠጅ ሁሉ ይቆጠራል። በሰባቱም ላይ የመጣው እሳት በእስራኤል ላይ አልተጠቀሰም። ሰሚው እሳቱን እየጠበቀ ይቆያል፤ በምትኩ ነዶ በተጫነ ሠረገላ ምሳሌ የሚነገር መፍገምገምና ፈጣኑም ኃያሉም ማምለጥ ያቃተው ጦር ይመጣል። በእኔ አስተያየት የአሞጽን ጥበብ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ስፍራ የለም። አንድን አሠራር ሰባት ጊዜ አስለምዶ በስምንተኛው ማፍረስ፣ የተማመኑበት ነገር ሁሉ እንደሚፈርስ በጆሮ ማሰማት ነው። ካህኑ አሜስያስ ከቤቴል ወደ ንጉሡ ልኮ ምድሪቱ የዚህን ሰው ቃል ልትሸከም አልቻለችም ማለቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

በምዕራፍ 5 ደግሞ ነቢዩ ሙሾ ያወጣል። በዕብራይስጥ ለሞተ ሰው የሚወጣው ሙሾ «ቂና» ይባላል። ጀርመናዊው ሊቅ ካርል ቡደ እ.ኤ.አ. በ1882 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ የለቅሶ ግጥም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሐረግ ሦስት ምት፣ ሁለተኛው ሁለት ምት ይይዛል። ሁለተኛው ሐረግ አንድ ምት ሲያጥረው ስንኙ ያነክሳል፤ ልቅሶ ትንፋሽ እንደሚያሳጥር ማለት ነው። አሞጽ ይህን ልክ አንሥቶ እስራኤልን እንደ ወደቀች ድንግል አለቀሰላት። አስተውሉ፤ መንግሥቱ ገና ቆሟል፣ ገበያው ደርቷል፣ በዓሉ ይከበራል። በቁም ላለ ሰው ሙሾ ሲወጣ ሰምተን እናውቃለን? አገራችን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢደረግ እርግማን ይባላል። የሰማርያ ሰዎች የቃሉን ትርጉም ከመረዳታቸው በፊት ልኩን ብቻ ሰምተው ሳይደነግጡ አልቀሩም፤ ልኩ የቀብር ልክ ነውና። ሰማርያም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ዓመት ገደማ በአሦራውያን እጅ ወደቀች።

ያ ሙሾ ግን ብቻውን አልተቀመጠም። የዘመናችን ተመራማሪዎች ከቁጥር 1 እስከ 17 ያለው ክፍል እንደ ቀለበት የተሠራ መሆኑን አስተውለዋል። መጀመሪያ ሙሾው አለ፤ መጨረሻም ገበሬው ሳይቀር የሚጠራበት ልቅሶ አለ። ከሙሾው ቀጥሎ እግዚአብሔርን ፈልገው በሕይወት እንዲኖሩ የሚጠራ ቃል አለ፤ ከመጨረሻው ልቅሶ በፊትም መልካሙን ፈልገው በሕይወት እንዲኖሩ የሚጠራ ቃል አለ። ከዚያ ወደ ውስጥ ስንገባ በወዲህም በወዲያም ፍርድ ስለ ማጣመም ወቀሳ እናገኛለን። መካከሉ ላይ ከዋክብትን የሠራው፣ ጨለማን ወደ ንጋት የሚለውጠው የእግዚአብሔር ስም ተቀምጧል። ምዕራፉን ከላይ ወደ ታች ብቻ ለሚያነብ ሰው ያ የምስጋና ቃል በወቀሳ መካከል ያለ ቦታው የገባ ይመስላል፤ እንዲያውም አንዳንድ ሐያስያን ከሌላ ቦታ የመጣ ነው ብለውታል። ቀለበቱን ላየ ሰው ግን ማዕከሉ እርሱ ነው። ሁለት ልቅሶ ከውጭ፣ ሁለት የሕይወት ጥሪ ከውስጥ፣ በመካከል ስሙ።

ከሙሾ ሳንወጣ ሰቆቃወ ኤርምያስን ማንሣት ይገባል፤ የዚህ አሠራር ምልክት በየትኛውም ትርጉም ላይ በቁጥር ሊታይ የሚችል ነውና። መጽሐፉ አምስት ምዕራፍ አለው። የዕብራይስጥ ፊደላት 22 ናቸው። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ምዕራፍ 22 ቁጥር አላቸው፤ እያንዳንዱ ቁጥር በፊደል ተራ ይጀምራል፤ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ። መካከለኛው ሦስተኛው ምዕራፍ 66 ቁጥር አለው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት ደርሶታል። ኢየሩሳሌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ገደማ ስትፈርስ የደረሰው ሐዘን ልክ የለውም፤ ገጣሚው ግን ከአሌፍ እስከ ታው በፊደል ወሰን ውስጥ አስቀመጠው። አምስተኛው ምዕራፍም 22 ቁጥር አለው። ፊደሎቹ ግን የሉም። ቁጥሩ ቀርቶ ተራው ጠፍቷል፤ ግድግዳው ቆሞ ጣራው እንደ ሄደ ቤት።

የወይኑ ቦታ መዝሙር

የኢሳይያስ ምዕራፍ 5 አጀማመር ለእኛ አገር አንባቢ ልዩ ቅርበት አለው። ነቢዩ ስለ ወዳጁ የወይን ቦታ መዝሙር እዘምራለሁ ብሎ ይጀምራል። ወዳጁ በለሙ ኮረብታ ላይ ቆፈረ፣ ድንጋዩን ለቀመ፣ መልካም ተክል ተከለ፣ ግንብም ሠራ፤ ፍሬው ግን ሆምጣጣ ሆነ። ከዚያ ሰሚዎቹን ፍረዱ ይላቸዋል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ይህ ግልጽ ነው፤ የወይኑ ቦታ ሰም ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ባለቅኔ ወርቁን ሰሚው ራሱ ቆፍሮ እንዲያወጣው ይተውለታል። ኢሳይያስ ግን በቁጥር 7 ራሱ ያወጣዋል፤ የወይኑ ቦታ የእስራኤል ቤት ነው ብሎ ይገልጣል። የሚያዘገየው ሰሚዎቹ በራሳቸው ላይ እስኪፈርዱ ድረስ ነው። ነቢዩ ናታን ለዳዊት ስለ ድሀው ሰው በግ በነገረው ጊዜ ያደረገው ይህንኑ ነበር።

በዚያው ቁጥር መጨረሻ ላይ ሁለት ጥንዶች አሉ፤ ጉልበታቸው በድምፅ ነው። እግዚአብሔር «ሚሽፓጥ» ጠበቀ፣ ያገኘው «ሚስፓሕ» ሆነ፤ «ጸዳቃ» ጠበቀ፣ የሰማው «ጸዓቃ» ሆነ። የመጀመሪያው ቃል ፍርድ፣ ሁለተኛው ደም ማፍሰስ ማለት ነው፤ ሦስተኛው ጽድቅ ነው፣ ከግእዙ ቃል ጋር የሥር ዘመድ መሆኑን ፊደሉ ራሱ ይናገራል፤ አራተኛው የተገፋ ሰው ጩኸት ነው። በቃላቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፊደል ያህል ብቻ ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ወይንና ሆምጣጤ ፍሬ እንደሚመሳሰሉ፣ ከሩቅ ለሚሰማም ፍርድና ግፍ ይመሳሰላሉ።

ይህ ወደ ሌላ ቋንቋ የማይሻገር ነው። በአሞጽ ምዕራፍ 8 እግዚአብሔር ለነቢዩ አንድ ዕንቅብ ያሳየዋል፤ በውስጡ ያለው «ቃይጽ»፣ የበጋ ፍሬ ነው። ቀጥሎ በሕዝቡ ላይ «ቄጽ»፣ ፍጻሜ እንደ መጣ ይነግረዋል። ራእዩ የቆመው በእነዚህ ሁለት ቃላት መመሳሰል ላይ ነው። የሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም በዚህ ስፍራ የበጋ ፍሬውን አላስቀረም፤ የወፍ አጥማጅ ዕቃ አድርጎታል። በግሪኩ የድምፁ መመሳሰል ሊታይ ስለማይችል አንባቢው ዕቃው ከፍጻሜው ጋር ምን እንዳገናኘው ይደነቃል። ትይዩነት ግን ይሻገራል። የሐሳብ ጥንድ እንጂ የድምፅ ጥንድ ስላልሆነ ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክ ወደ ግእዝ፣ ከዚያም ወደ አማርኛ ሲፈስ አልተሰበረም። በግጥም ታሪክ ውስጥ ከብዙ ቋንቋ ተርፎ እንዲህ የሚቆም አሠራር ጥቂት ነው።

በብራና ላይ

ታዲያ ገጹ ለምን ሸሸገው? የአይሁድ ጸሐፍት የሙሴን ምስጋና በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 15 ሲጽፉ ልዩ አጻጻፍ ነበራቸው፤ የተጻፈውና ባዶው ስፍራ እንደ ግንብ ጡብ ይፈራረቃል። የዲቦራም መዝሙር በመጽሐፈ መሳፍንት እንዲሁ ይጻፋል። ማሶራውያን የሚባሉት የአይሁድ ሊቃውንት ለመዝሙረ ዳዊት፣ ለመጽሐፈ ምሳሌና ለመጽሐፈ ኢዮብ የተለየ የንባብ ምልክት ሠሩላቸው። ለነቢያት ግን ይህ አልተደረገም። እ.ኤ.አ. በ1947 በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የተገኘው ታላቁ የኢሳይያስ ጥቅልል ከ7 ሜትር በላይ ርዝመትና 54 ዓምድ አለው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዘመን የተገለበጠ ነው። ያም ቢሆን እንደ ተራ ንባብ ተያይዞ የተጻፈ እንጂ ስንኝ በስንኝ የተለየ አይደለም።

በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በቤተ ልሔም ሆኖ መጻሕፍትን ወደ ላቲን የተረጎመው ጄሮም (ሄሮኒሞስ) ኢሳይያስን በአጫጭር መስመሮች ከፍሎ ጻፈው። ሆኖም በመቅድሙ አንባቢውን አስጠነቀቀ፤ ነቢያት በግጥም የጻፉ እንዳይመስላችሁ፣ ይህ አከፋፈል የዴሞስቴንስና የኪኬሮ ንግግሮች ለአንባቢ እንዲመቹ እንደሚከፈሉት ነው አለ። እውነቱን በእጁ ይዞ በቃሉ ካደው ማለት ይቻላል። በጥንድ መከፈል እንደሚገባው ዓይኑ አይቷል፤ ግጥም ማለት በግሪክና በላቲን ልክ የተለካ ነው ብሎ ስለሚያምን ግን ግጥም ሊለው አልቻለም።

ወደ ራሳችን የብራና ቅርስ ስንመለከት አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። በግእዝ ዳዊት ውስጥ ከመዝሙሮቹ ቀጥሎ መኃልየ ነቢያት ይገኛሉ፤ የሙሴ፣ የሐና፣ የዮናስ፣ የዕንባቆም፣ የኢሳይያስ ጸሎቶች በእነዚህ መካከል ናቸው። የዳዊት ጸሐፍት ደግሞ መዝሙሮቹንም መኃልዩንም እንደ ሌሎች መጻሕፍት በዓምድ አያይዘው ሳይሆን ሐረግ በሐረግ፣ አንዱን ከአንዱ በታች እያደረጉ ነው የሚጽፏቸው። ይህ ከግሪኩ የመዝሙር መጽሐፍ የተወረሰ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ዳዊት የሚደግም ኢትዮጵያዊ ተማሪ የዕንባቆምን ጸሎት በየዕለቱ ያይ የነበረው በትክክለኛው የግጥም መልኩ ነው፤ በትንቢት መጽሐፉ ውስጥ ግን ያው ጸሎት ተያይዞ ተጽፎ ያገኘዋል።

ለጉዳዩ ስም ያወጣለት ሮበርት ሎውዝ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በኦክስፎርድ የግጥም መምህር ሳለ ስለ ዕብራውያን ቅዱስ ግጥም በላቲን የሰጣቸው ትምህርቶች እ.ኤ.አ. በ1753 ታተሙ። ትይዩነትን አጉልቶ ያሳየው ስለ ነቢያት ግጥም በተናገረበት ስፍራ ነው፤ የዳዊት መዝሙር ይህ አሠራር ካለው፣ ይህም ግጥም ካሰኘው፣ ኢሳይያስስ ስለ ምን አይባልም የሚል ነበር ክርክሩ። በ1778 ኢሳይያስን በስንኝ ከፍሎ አሳተመው። ትይዩነትንም በሦስት መደበው፤ ተመሳሳይ፣ ተቃራኒና አሟይ ብሎ። ሦስተኛው መደብ በሁለቱ ያልገባውን ሁሉ የሚከቱበት ከረጢት መሆኑን ብዙዎች በኋላ ነቅፈውታል፤ ነቀፋውም ተገቢ ነው።

ስንኙ የት ይቆማል?

ይህ ሁሉ የገጽ አሠራር ክርክር ብቻ አይደለም። በኢሳይያስ ምዕራፍ 40 ቁጥር 3 ላይ የስንኝ ማቆሚያ ትርጉምን ይወስናል። በዕብራይስጡ ሁለት ጥንድ ሐረጎች አሉ፤ አንደኛው በምድረ በዳ መንገድ ማዘጋጀትን፣ ሁለተኛው በበረሃ ጎዳና ማቅናትን ያዝዛል። «በምድረ በዳ» ከ«በበረሃ» ጋር ስለሚጣመር ምድረ በዳው የመንገዱ ስፍራ ነው፤ የሚጮኸው ድምፅ ከሐረጎቹ በፊት ለብቻው ይቆማል። የማሶራውያን የንባብ ምልክትም የሚያቆመው በዚያው ነው። የቁምራን ማኅበር በመተዳደሪያ መጽሐፉ ይህንኑ ቃል ጠቅሶ ወደ ምድረ በዳ የወጣው በዚያ መንገድ ለማዘጋጀት እንደሆነ ይናገራል።

የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ግን «በበረሃ» የሚለውን ሁለተኛውን አላካተተም። ጥንዱ ሲጎድል «በምድረ በዳ» አጣማሪ አጣና ወደ ድምፁ ተጠጋ፤ በምድረ በዳ የሚጮኽ ሰው ድምፅ ሆነ። አራቱም ወንጌላውያን ስለ መጥምቁ ዮሐንስ የጠቀሱት በዚህ ንባብ መሠረት ነው፤ የግእዝ ብሉይ ኪዳንም ከግሪኩ የተተረጎመ ነውና የእኛም ጆሮ የለመደው ይህን ነው። ሁለቱ ንባቦች ይጋጫሉን? ዮሐንስ በይሁዳ ምድረ በዳ ሰበከ፤ ጥምቀቱን ፈልጎ የመጣው ሕዝብም ከከተማ ወደ ምድረ በዳ ወጥቶ ልቡን ያዘጋጀው በዚያው ነው። ድምፁም በምድረ በዳ ነበረ፣ መንገዱም በምድረ በዳ ተጠረገ። ታሪኩ ሁለቱንም ንባብ ተሸክሟል።

ከዚህ የከበደ ክርክር የተነሣው በዘካርያስ ምዕራፍ 9 ቁጥር 9 ላይ ነው። ነቢዩ ስለ ትሑቱ ንጉሥ ሲናገር በመጀመሪያው ሐረግ አህያን፣ በሁለተኛው የአህያይቱን ልጅ ውርንጫን ይጠራል። ማርቆስና ሉቃስ ስለ ውርንጫው ብቻ ይናገራሉ፤ ማቴዎስ ግን በምዕራፍ 21 አህያይቱም ውርንጫዋም እንደ መጡ ይጽፋል። በ19ኛው መቶ ዘመን የተነሡ አንዳንድ ሐያስያን የሎውዝን ትምህርት ይዘው በወንጌላዊው ላይ ፈረዱ፤ ሁለቱ ሐረጎች አንዱን እንስሳ በሁለት ስም ሲጠሩት ማቴዎስ የዕብራይስጥን ግጥም ባለማወቁ ሁለት አደረጋቸው አሉ።

ክሱ ደካማ ነው። ማቴዎስ ወንጌሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በነቢያት ቃል የሠራ ሰው ነው፤ ለአይሁድ የሚጽፍ አይሁዳዊ ሕፃናት የሚያውቁትን የመዝሙር አሠራር አላወቀም ማለት ይከብዳል። ማርቆስም ውርንጫው ማንም ገና ያልተቀመጠበት እንደ ነበረ ይመሰክራል፤ እንዲህ ያለውን ውርንጫ ከእናቱ ጋር መንዳት አህያ ለሚያውቅ ሰው ሁሉ የታወቀ ነገር ነው። ደግሞም የወንጌላውያን አነባበብ ይህ ብቻ አይደለም። ዮሐንስ ወንጌላዊ በምዕራፍ 19 የጌታችንን ልብስ መከፋፈል ሲተርክ ነቢዩ ዳዊት በ21ኛው መዝሙር በጥንድ ሐረግ የተናገረውን ያስታውሳል፤ አንደኛውን ሐረግ በአራት ለተከፈለው ልብስ፣ ሁለተኛውን ዕጣ ለተጣለበት ስፌት ለሌለው ቀሚስ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ሐረግ ለወንጌላውያን የራሱ ነገር አለው።

አስገራሚው ነገር የዘመናችን ጥናት ወደዚሁ መመለሱ ነው። ጄምስ ኩገል እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ግጥም ባሳተመው መጽሐፍ የሎውዝን «ተመሳሳይ» መደብ ነቅፎ፣ ሁለተኛው ሐረግ ከመጀመሪያው አልፎ የሚሄድ፣ የሚያጠነክርና የሚለይ መሆኑን አስረዳ። ከሎውዝ በፊት ለነበሩት አባቶች ይህ አከራካሪ አልነበረም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ትርጓሜው ውርንጫውን ቀንበር ሳይለምድ ኖሮ ለተጠራው ለአሕዛብ ወገን መስሎታል። የእኛም ሊቃውንት በሆሣዕና ትርጓሜ አህያይቱን መጫን ለለመደችው ለኦሪት፣ ውርንጫይቱን ላልተለመደችው ለወንጌል ይሰጣሉ፤ ጌታችን ከአሥራ ስድስቱ ምዕራፍ አሥራ አራቱን በእግሩ ሄዶ፣ ሁለቱን በአህያይቱ ተቀምጦ፣ ቤተ መቅደሱንም ሦስት ጊዜ የዞረው በውርንጫይቱ ላይ ሆኖ ነው ይላሉ። በዘካርያስ ስንኝ ሁለተኛው ሐረግ ላይ ያለችው ውርንጫ ይህቺው ናት።